ጎጀብን ከመገደባችን በፊት

በሀገራችን ስለ ግድብ መጠየቅ ልማትን እንደ መቃወም ከተቆጠረ ሰነባበተ። ይሁን እንጂ የአንድ ግድብ አዋጭነት የሚለካው የመሠረት ድንጋይ ሲጣል በሚሰማው ጭብጨባ ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን አስቀድሞ በተነሡት ጥያቄዎች ነው። ዛሬ ለውይይት የማቀርበው የጎጀብን ወንዝ ጉዳይ ነው።

ጎጀብ ከከፋ ደጋማ ደኖች ውኃውን እየሰበሰበ፣ ከፋንና ጅማን እያዋሰነ ወርዶ ከኦሞ ይቀላቀላል። 150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት የጎጀብ ግድብ ውጥን በኃይል ልማት ዕቅዶች ውስጥ መነሣት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ውጥኑ ዳግም ወደ ጠረጴዛ ቢመጣ በምን ሚዛን እንመዝነው?

ከጎረቤት ግድቦች እንማር። ግልገል ጊቤ ሁለት በጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ ወር ሳይሞላው 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ዋሻው ከፊሉ ተደረመሰ። የጊቤ ሦስት ውል በ1998 ዓ.ም. ያለ ጨረታ ተሰጠ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የጸደቀው ግን ሥራው ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይኸው ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው መካድ አይገባም፤ ጥቅሙ እውነት ነው። ዩኔስኮ ውኃቸውን በአብዛኛው ከኦሞ የሚያገኙትን የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች በ2010 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ማስፈሩም እንዲሁ እውነት ነው።

ከዚህ አንጻር የጎጀብ ሒሳብ ሁለት ገጽ አለው። ወንዙ ከኦሞ የሚገናኘው ከጊቤ ሦስት በላይ ነው። ስለዚህ ጎጀብ ላይ የሚሠራ ግድብ ክረምት የሞላውን ውኃ ለበጋ ያቆያል፤ ደለልንም ወደ ታችኛው ግድብ ከመውረዱ በፊት ይይዛል። ጥቅሙ ለሀገር ነው። ዋጋው ግን የአካባቢው ነው፦ በውኃ የሚዋጥ እርሻ፣ የሚነሣ ቤተሰብ፣ የሚቆረጥ ዛፍ። ጥቅሙ በአዲስ አበባ፣ ጉዳቱ በከፋ የሚመዘገብ ከሆነ ድምሩ ሁልጊዜ ትርፍ ማሳየቱ ምን ይደንቃል?

ከፋ ደግሞ ተራ መሬት አይደለም። የዐረቢካ ቡና መገኛ ነው የሚባልለት ይህ ምድር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ700,000 ሄክታር በላይ ነው። የጫካው ቡና በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል እንደ መሆኑ፣ ጥላው ሲነሣ ቡናው፣ ቡናውም ሲነሣ የገበሬው ገቢ ይነሣል። ደኑ ዝናብን በሥሩ ይዞ ቀስ እያለ ለወንዙ የሚያካፍል፣ አፈሩንም ከመታጠብ የሚያድን ነው። በሌላ አነጋገር ደኑ ራሱ ያለ ሲሚንቶ የተሠራ ግድብ ነው። መንገድና ሰፈራ ተከትለውት ደኑ ቢመነጠር፣ አዲሱ ግድብ ዕድሜውን በደለል ያጣል።

«ሕዝቡ በጨለማ ይኑር ወይ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከፍተኛ የኃይል መስመር በመንደር አናት ላይ ማለፉ ብቻ በመንደሩ ጎጆ አምፖል አያበራም። መስመሩን ወደ ቀበሌ የሚያወርድ ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይህም ወጪ በጥናቱ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ጎጀብ ፈጽሞ አይገደብ አልልም። ሦስት ነገሮች ሳይሟሉ ግን ውል አይፈረም፦ ከሥራ ተቋራጩም ከባለቤቱ መሥሪያ ቤትም ነጻ በሆነ ወገን የተሠራ ጥናት በአማርኛም በካፊኛም ለሕዝብ ይቅረብ፤ የደን ጥበቃ በጀት የግድቡ ወጪ አካል ይሁን፤ ተነሺዎች ካሣቸውን ውኃው ከመሙላቱ በፊት ይቀበሉ። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መዲና ናት። እነዚህን ጥያቄዎች ለማንሣት ከእንግዲህ ሐዋሳ መውረድ አያስፈልግም፤ የክልሉ ምክር ቤት ያለው በታርጫ ነው።