በገዛ ቤት ተከራይ መሆን

ይህ እትም ድርጅት ገዝተው ንብረቱን በመቸርቸር ስለሚያተርፉ ባለሀብቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጎልደን ጌት ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ የአሜሪካዎቹን ሬድ ሎብስተር ምግብ ቤቶች በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ 500 ገደማ የሚሆኑት ያረፉበትን ይዞታ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ የግዥውን አብዛኛውን ወጪ ሸፈነ። ምግብ ቤቶቹ ግን በገዛ ቤታቸው ተከራይ ሆኑ፤ በ2024 ሬድ ሎብስተር በኪሳራ ሕግ ከለላ ጠየቀ። እርግጥ ነው፣ ኮቪድም፣ በኋለኛው ባለቤት ዘመን በ20 ዶላር ያለ ገደብ የቀረበው ሽሪምፕም ጎድተውታል። ንብረት መሸጥም በራሱ ነውር አይደለም፤ ሥራ ፈት ሀብት ለሚሠራበት ሲተላለፍ ሁሉም ይጠቀማል። እዚህ የተሸጠው ግን ሥራው የሚሠራበት ቤት ነበር፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ኪራይ አብሮ አይቀዘቅዝም፣ በመያዣነት የሚቀርብ ይዞታም የለም። አንባቢ ሆይ፣ ቀጣዮቹን ገጾች ስታነብ ገንዘቡን ማን ወሰደው፣ ዕዳውስ በማን ላይ ቀረ ብለህ ጠይቅ።