ስም ያላወጣንለት እንግዳ

በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚማር ሰው መንቁሩ የጎበጠ ትልቅ ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በቀር በየትም የማይገኘው አንጠልጣይ ጉሮሮ ያለው አይቢስ በአዲስ አበባ የሣር ሜዳዎች ላይ ነፍሳትና ትል ሲለቅም ይታያል። መንቁሩን ብቻ በማየት ለመለየት የሚሞክር ግን ከሰሜን የሚመጣ ሌላ እንግዳን ከእርሱ ጋር ሊያምታታ ይችላል።

ይህ እንግዳ በእንግሊዝኛ ከርሉ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኑሜኒየስ አርኳታ ይባላል። ከብሪታንያ እስከ ሳይቤሪያ ይራባል፤ ክረምታቸውን ሸሽቶ ወደ አፍሪካና ደቡብ እስያ ጠረፎች ይወርዳል። እኛ የባሕር ጠረፍ ባይኖረንም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ይታያል። ርዝመቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። አይቢሱ ጠቆር ያለ ሲሆን ከርሉ ግን ቡናማና ዝንጉርጉር ነው፤ ሲበር የወገቡ ነጭነት ይገለጣል። ዊምብረል የተባለው ዘመዱ አነስ ይላል፤ መንቁሩ ያጥራል፤ አናቱም ላይ ጥቁር መስመሮች አሉት።

እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው የከርሉ መንቁር ጫፉ ላይ የመዳሰስ ሕዋሳት አሉት። ወፉ ጭቃ ውስጥ ሰክቶት ያላየውን ትል ዳስሶ ያገኛል። በባሕር ዳር ማዕበሉ ሲሸሽ ይመገባል፤ ሲመለስ ከፍ ባለ ቦታ ያርፋል። በሐይቅ ዳር ግን ጭቃውን የሚወስነው የውኃው መጠን ነው፤ የውኃው መጠን ደግሞ በእኛ እጅ ነው። አብያታ ሐይቅ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት በሚወሰደው ውኃ ምክንያት እጅግ ሸሽቷል። «ሐይቁ ከሸሸ ጭቃው ይሰፋ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የደረቀ ጭቃ ግን መንቁር አያስገባም፤ ትልም አያኖርም።

ወፍ መቁጠር የባለጸጋ አገሮች ጨዋታ ነው የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። የወፉ መቅረት ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ በሚጋሩት ውኃ ላይ የደረሰውን ጉዳት ሊጠቁም ይችላል። ሳይመዘግቡ መቆየት የሚያስከትለውንም አይተናል። ቀጭን መንቁር ያለው ከርሉ ከዘመዶቹ ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ በተረጋገጠ ሁኔታ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በሞሮኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከታየበት እስከ ታወጀበት 30 ዓመት አለፈ።

ስለዚህ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከመምህራንና ከቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው ለዚህ ወፍ የጋራ የአማርኛ ስም ያውጡለት፤ ስሙ የማይታወቅ ፍጡር ሲጠፋ የሚጠይቅለት የለምና። ሁለተኛ፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ሐይቆቹ ሲወርዱ ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ይመዝግቡ። አንድም ካላዩ «ዜሮ» ብለው ይጻፉ፤ ዜሮም መረጃ ነው።