የጅንባር ፏፏቴ ዕዳ

ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል። የጅንባርን ውሃ የሚያስጮኸው ግን ድንጋይ ብቻ አይደለም። ከገደሉ በላይ ደን አለ። ከደኑ በላይ የጓሳ ሜዳ አለ። ያ ሜዳ እንዲያገግም ብለው ቀዬአቸውን የለቀቁ ሰዎችም አሉ። የፏፏቴው ፎቶ በየስልኩ ሲዞር እነዚህ ሰዎች ፎቶው ውስጥ የሉም።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከደባርቅ በመኪና፣ ከሳንቃበር ወዲያ በእግር ነው። ጉልበት የሚሰብር ጉዞ አይደለም፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ግን ትንሿ ዳገት ትንፋሽ ታሳጥራለች። መንገዱ በአስታ ደን ውስጥ ያልፋል። ግንዱ ጠማማ ነው፤ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ ሽበት ይወርዳል። ከዚያ ደኑ ድንገት ያልቅና ገደል አፍ ላይ ያቆማል። ከማዶ የጅንባር ወንዝ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። በመስከረም ያገሳል፤ በበጋ ይቀጥናል።

በበጋ ጭራሽ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱ ላይኛው ሜዳ ላይ ነው። ጓሳውና አስታው የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል። ሜዳው በልቅ ግጦሽ ሲራቆት ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ቀን ይሄዳል።

ይህ ነበር የግጭ መንደር ነገር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ግጦሽና እርሻ ከዋና ምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። አገር ተደሰተ፤ ደስታው ተገቢ ነበር። ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ?

«ፈቅደው ወጡ፣ ካሳም ተቀበሉ፣ ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። የቀረው ትልቁ ነገር ነው። ካሳ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ፏፏቴው ግን በየዓመቱ ገቢ ያመጣል። ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ የገንዘብ ጥቅል ስለያዘ ብቻ በማግስቱ ከተሜ አይሆንም። ገንዘቡ ያልቃል። መሬቱ አይመለስም። ሜዳው ግን ለምልሞ ለሌላው እንጀራ ይሆናል። ይህን «ፈቃደኝነት» ብሎ መዝጋት ዕዳን በቃላት መሰረዝ ነው።

ሌላም ሐቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ረድተዋል፤ ገደል ለገደል ወጥቶ ነበልባሉን የገጠመው ግን የአካባቢው ሕዝብ ነው። የፓርኩ ጠላት እየተባለ የኖረ ሰው በጭንቅ ቀን ጠባቂው ሆኖ ተገኘ። አጥርና ደንብ እሳት አያጠፋም፤ ደኑ የኔ ነው የሚል ሰው ያጠፋል። ምንም ካላገኘበት ደግሞ የኔ ነው የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

ዛሬ መንገዱ ጭር ብሏል። ኮሮና መጣ፣ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ሁሉም በእንግዳ እግር የሚኖሩ ናቸው፤ እግሩ ሲጠፋ ምድጃቸውም ይቀዘቅዛል። የራበው ሰው ደግሞ ከአስታው ማገዶ ቢቆርጥ፣ ከብቱን ወደ ጓሳው ቢነዳ ማን ይፈርድበታል?

ሰላም ሲመጣ እንግዳው ይመለሳል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ወሬ ስለ አዲስ ሎጅ እንዳይሆን ከአሁኑ ይነገር። ከሎጁ በፊት ሦስት ነገር ይቅደም። የፓርኩ የመግቢያ ገቢ ስንት እንደሆነና የት እንደዋለ በየዓመቱ በደባርቅ አደባባይ ይለጠፍ። ከገቢው የታወቀ ድርሻ ለግጭ ተነሺዎች ይመደብ። በአስጎብኚነትና በስካውትነት ቅጥር ልጆቻቸው ቅድሚያ ያግኙ።

ይህ ምጽዋት አይደለም፣ የቤት ኪራይ ነው። ቤቱን ለቀው ለአገር ሰጥተዋል። አገር ደግሞ ፎቶውን እየለጠፈች ኪራዩን ልትረሳ አይገባም።