የእግር መንገድ በምን ይለካል?

ለሥራ ጉዳይ ወደ ንፋስ መውጫ የሄደ እንግዳ ከዋናው መንገድ ወርዶ ወደ ቆላው የሚያደርሰውን የእግር መንገድ ሲይዝ፤ ያገኘውን ገበሬ «የምንሄድበት ሩቅ ነውን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱም ብዙ ጊዜ «ቅርብ ነው፤ ይኸው እታች ነው» የሚል ይሆናል። እንግዳውም ደስ ብሎት ይወርዳል። ሲመለስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጅበትና ከተማ ሲገባ «የጋይንት ሰው ቅርብ ነው ያለህ እንደ ሆነ ስንቅ ያዝ» እያለ ለባልንጀሮቹ ያወራል። ከዚህ ቀደም እኛም አብረን ስቀናል።

ነገሩን መርምረን ስናየው ግን ስሕተቱ የገበሬው ሳይሆን የጠያቂው ሆኖ አገኘነው። እንግዳው አንድ መንገድ ያለ መስሎት ጠየቀ፤ ገበሬው የሚያውቀው ሁለት መንገድ ነው፤ ይኸውም የመውረጃውና የመውጫው። የተጠየቀው መውረጃውን ስለ ነበር እውነቱን ተናገረ። ስለ መውጫው የጠየቀው የለም።

ይህ የገበሬው ዕውቀት ከሳይንስ ጋር የሚስማማ መሆኑን ለመረዳት የሰው ልጅ እንዴት እንደሚራመድ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ እረኛ ቦይ ሊሻገር ሲል ዱላውን መሬት ይተክልና በላዩ ተንጠልጥሎ ማዶ ይደርሳል። የእኛም እርምጃ እንዲሁ ነው። ተረከዛችን መሬት ሲነካ እግራችን እንደ ተተከለ ዱላ ይሆናል፤ ሰውነታችንም በላዩ ከፍ ብሎ ያልፍና ወደ ፊት ይወርዳል። ከፍ ሲል ፍጥነቱ ወደ ከፍታ ይለወጣል፤ ሲወርድ ደግሞ ከፍታው ተመልሶ ፍጥነት ይሆናል። ጆቫኒ ካቫኛ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅና ባልደረቦቹ ይህን ልውውጥ ለክተው፤ በደልዳላ መሬት ላይ በመካከለኛ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ለእርምጃው ከሚያስፈልገው ኃይል ከመቶ 60 የሚበልጠውን በዚህ መንገድ መልሶ እንደሚያገኘው አሳይተዋል። ጡንቻ የሚሞላው የጐደለውን ብቻ ነው። ሰው ደልዳላ መንገድ ላይ ወሬ እያወራ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የሚውለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አቀበት ላይ ግን ይህ ልውውጥ ይፈርሳል። ሰውነታችን ከፍ ይላል፤ ተመልሶ ግን አይወርድም። እያንዳንዱን እርምጃ ጡንቻ ብቻውን ማንሣት አለበት። አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2002 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያመለክተው በየመቶ ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል አቀበት ከደልዳላው ሁለት እጥፍ ያህል ኃይል ይፈጃል፤ 20 ሜትር ከፍ የሚለው ደግሞ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ። በአንጻሩ በየመቶ ሜትሩ 10 ሜትር ዝቅ የሚለው ቁልቁለት የደልዳላውን ግማሽ ያህል ብቻ ይወስዳል። እንግዲህ ያው አንዱ መንገድ፤ ሲወርዱት ግማሽ፤ ሲወጡት እጥፍ ነው ማለት ነው። አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ሆነ። የገበሬው «ቅርብ ነው» የተመረመረ ቃል ነበር።

ቁልቁለት ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን የሚይዝ ፍሬን ይሆናል፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን፤ ጉልበታችንም የሚንቀጠቀጠው ከዚህ የተነሣ ነው። የጋይንትና የስማዳ ሰው ዱላውን ከእጁ የማይለየው ለውሻና ለጠብ ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ እግሩ ስለ ሆነ ነው። (ዱላን በትከሻ አጋድሞ ሁለት እጅን በላዩ ሰቅሎ መሄድ ግን፤ የእጅን መወዛወዝ ስለሚከለክል፤ ደልዳላ ላይ ጥቂት ኃይል ሳያስከፍል አይቀርም። ቢሆንም ማማሩን አንክድም።)

የዚህን አገር አቀበት ከሁሉ ይልቅ ያወቁት ምናልባት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፤ በጋይንት አድርገው ወደ መቅደላ ተጓዙ። የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል የፈጀባቸው የመሬቱ ርዝመት አልነበረም፤ የጂዳና የበሽሎ ሸለቆ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሲጠርጉ የዋሉት፤ ሠራዊቱና መድፉ በካርታ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ እንደሚሄዱ ስለሚያውቁ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ዕቅድ ሲወጣ ርቀት የሚቈጠረው በኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተወሰነው መለኪያ፤ በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ንጹሕ ውሃ ማድረስ የሚል ነበር። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ያ 1 ኪሎ ሜትር በፎገራ ሜዳ ላይና በታች ጋይንት ገደል ላይ አንድ ነውን? ደጋ ላይ ሰው ቤቱን የሚሠራው ከፍ ባለው ላይ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ከበታች ይፈልቃል። ስለዚህ ሴቲቱ ባዶውን ጀሪካን ይዛ ትወርዳለች፤ ሞልታ ትወጣለች። ቀላሉ ጕዞ ለባዶው፤ ከባዱ ለሙሉው ሆነ። የ20 ሊትር ውሃ ክብደት 20 ኪሎ ነው፤ ሴቲቱ 50 ኪሎ ብትመዝን ከመቶ 40 የሚሆነውን ክብደቷን ተሸክማ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን፤ አየሩም መሳሳቱን እዚህ ላይ መጨመር ያሻል።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «የእኛ ሴቶች ለምደውታል» ይላሉ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1986 በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ተጠንተው፤ የክብደታቸውን ከመቶ 20 ያህል፤ ሉኦዎቹ በራሳቸው ላይ፤ ኪኩዩዎቹ ከግንባራቸው በሚያያዝ ጠፍር፤ ተሸክመው ሲሄዱ ምንም ተጨማሪ ኃይል እንደማያወጡ መታወቁ እውነት ነው። ነገር ግን ያ የተለካው በደልዳላ ላይ ነው፤ ሸክሙም ከክብደታቸው ከመቶ 20 ያህሉ ብቻ ነበር። የእኛዎቹ በጀርባቸው አዝለው፤ በገመድ አስረው፤ ጐንበስ ብለው አቀበት ይወጣሉ። የኬንያውን ጥናት ለጋይንት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ለስንፍና ምክንያት መፈለግ ይመስለናል።

ሌላው ተቃውሞ «የሰው እግር ይለያያል፤ ሰዓት መለኪያ ሊሆን አይችልም» የሚል ነው። ይህ የተሻለ ተቃውሞ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1892 ያወጣው ቀላል ሂሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፤ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ሂሳብ 1 ኪሎ ሜትር በደልዳላ 12 ደቂቃ ነው፤ 200 ሜትር ከፍታ ሲጨመርበት ግን 32 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ሸክም ለሌለው ጤነኛ ሰው ነው። ከፍታውን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም፤ የብዙዎቻችን የእጅ ስልክ ያሳያል።

ስለዚህ በንፋስ መውጫ፤ በስማዳም ሆነ በእስቴ ሥራ የያዙ ወጣት ባለሥልጣኖች አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለናል። ለውሃ፤ ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት ቦታ ሲመርጡ ከኪሎ ሜትሩ ጐን የመውጫውን ከፍታ ይጻፉ። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ካለ በቧንቧ ይወርዳል፤ ከበታች ካለ ግን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ በዕቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ። የእግር መንገድም መንገድ ነውና፤ ጠመዝማዛ ሆኖ የሚጠረግበት፤ ድንጋይ የሚነጠፍበት፤ ክረምት ላይ ወንዝ የሚያሻግር ድልድይ የሚሠራበት ጥቂት ገንዘብ ይመደብለት። ቅጹን የሚሞላውም ሰው መንገዱን አንድ ጊዜ በእግሩ ይውረደው። ሲወጣም 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ይያዝና፤ መውጫው ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አይቶ ይመዝግብ።