ከፊርማው በፊት

ካቺሲ ከተማ ፀጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከስፒከሩ የሚወጣ ራፕ ጆሮዬን ያዘው። አስተካካዩ ልጅ «ጋሼ፣ ናስና ዴሚያን ማርሊ ናቸው» አለኝ። እኔ ግን ከሥር ያለውን ዜማ አወቅሁት፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም ውስጥ ቆርጠው አስገብተውታል።

ልጁ በአፋን ኦሮሞ ሬጌ ይሞክራል። የአሜሪካ ሂፕ ሆፕ ኩባንያ ካስፈረመው ነገር ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። (መቀሱ ጆሮዬ ስር ስለነበር ቶሎ አልተከራከርኩም።)

የጃማይካው ዳንስሆል ዘፋኝ ኤለፈንት ማን «ባድ ቦይ» ከተባለው የአሜሪካ ሂፕ ሆፕ ኩባንያ ጋር ፈርሞ በ2008 እ.ኤ.አ. አልበም አወጣ። ሌላው የዳንስሆል ዘፋኝ ማቫዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ ዲጄ ካሊድ ኩባንያ «ዊ ዘ ቤስት» ገባ። ሁለቱም ግን ስማቸውን ያስጠሩት ፊርማው ከመምጣቱ በፊት፣ እዚያው ጃማይካ ነው። እንደኔ ከሆነ ኩባንያው ከዳንስሆል ዘፋኝ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ለራፕ ማጣፈጫ የሚሆን አዝማች ነው፤ ወጡ የሌላ፣ ቅመሙ የእሱ።

እኔን የሚገርመኝ የዳሎል ባንድ ነው። እነዚህ የእኛ ልጆች ቺካጎ ውስጥ ሬጌ ይጫወቱ ነበር፤ ከመካከላቸው ዘለቀ ገሠሠ «ዋይልድ ሄር» የተባለውን የሬጌ ክበብ ከከፈቱት አንዱ ነው። ማታ ማታ የሚጫወቱበት የራሳቸው መድረክ ነበራቸው ማለት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የዚጊ ማርሊን «ኮንሸስ ፓርቲ» አጅበው ቀረጹ፤ አልበሙም ግራሚ ወሰደ።

ይህን ስነግረው ልጁ መቀሱን አቆመ። «እዚህ መድረክ የት አለ ጋሼ?» አለኝ። ከገበያው ጥግ ያለውን ባዶ መጋዘን በመስኮት አሳየሁት።