ሸቀጣችንን በስንት ዋጋ እንቁጠረው?

ብዙዎቻችን ሱቅ አለን፤ ዘካም እናወጣለን፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሸቀጡን የምናሰላው በየትኛው ዋጋ ነው?

የሂሳብ ባለሙያ ዓመታዊ ቆጠራ ሲሠራ ሸቀጡን በተገዛበት ዋጋ ይመዘግባል፤ የሚሸጥበት ዋጋ ከዚያ በታች ከወረደ ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። ለመዝገቡ ይህ ተገቢ ነው። የዘካ መለኪያ ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ የሚተመነው የጨረቃው ዓመት በሞላበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ነው። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ፍሪጁ አይቆጠሩም፤ ለሽያጭ አልመጡማ።

በ3 ሚሊዮን ብር የገዛነው ዕቃ ዛሬ 4 ሚሊዮን ካወጣ፣ ዘካው ከ40 አንድ እጅ ነውና 100,000 ብር ይሆናል። በመግዣው ካሰላነው 75,000 ብቻ። የጎደለው 25,000 የማን ነው? የሚስኪኑ ሐቅ ነው! ዋጋው ወርዶ ከሆነም በወረደው እናስላ፤ ሸሪዓው ነጋዴውንም አይበድልም።

ስለዚህ "ይህን ያህል ይሆናል" ማለቱን ትተን በሂጅራ አቆጣጠር አንድ ቀን እንቁረጥ። ሱቁን ዘግተን፣ ደብተር ይዘን፣ ካርቶን በካርቶን እንቁጠር። አላህ ሪዝቃችንን ይባርክልን፤ አሚን።