ሁለተኛው ሞኒተር እንዴት ይመረጥ?

ሁለት ጽሑፎችን እያነጻጸረ ለሚያጠና ሰው አንድ አትሮንስ አይበቃውም። በአንደኛው ላይ ምንጩ ተዘርግቶ ሊቆይለት፥ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የሚጽፍበት ወረቀት ሊቀመጥለት ይገባል። ዛሬ ግን ምንጩንም ጽሕፈታችንንም በአንዲት ላፕቶፕ ጠባብ ስክሪን ላይ አጨናንቀን፥ አንዱን ስንገልጥ ሁለተኛውን እየሸፈንን እንሠራለን። ስለዚህም በቦርሳ ተይዞ የሚዞር ሁለተኛ ሞኒተር ለመግዛት የሚያስቡ ወንድሞች አሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ምርጫው ከስፋትና ከዋጋ ሲጀምር ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ሊቀር ይችላልና፥ በምን ተራ መመርመር እንደሚገባ የሚመስለኝን ለአንባብያን ላቀርብ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ ቅንጦት እንዳልሆነ እናስተውል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡት የብዙ ሺህ ብራና መጻሕፍት ቅጅ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይኖራል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ እያየ የሚገለብጥ ተማሪ መስኮት በለወጠ ቍጥር ዓይኑ የነበረበትን መስመር ይለቃል። ሲመለስም አንድ ቃል በሁለት ስፍራ ተጽፎ እንደ ሆነ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘላል፤ በመካከል ያለውም ሐረግ ይቀራል። ይህ ስሕተት በጥንት ጸሐፍትም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው አንባቢም ጐደሎውን እንደ ሙሉ አድርጎ ይቀበለዋል። ምንጩ ሳይሸፈን በአጠገብ ቢቆም ግን ዓይን ሄዶ የሚመለስበትን ስፍራ አያጣም።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚመረመረው ሞኒተሩ ሳይሆን የላፕቶፑ መሰኪያ ነው። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ሞኒተሮች በዩኤስቢ ሲ ገመድ ይሠራሉ፤ በዚያም በአንድ ገመድ ምስሉና ኤሌክትሪኩ አብረው ይተላለፋሉ። ነገር ግን ቅርጹ አንድ የሆነ ሁሉ ሥራው አንድ አይደለም። ዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ምስል የሚያስተላልፈው ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ የተባለው ችሎታ ሲኖረው ወይም ተንደርቦልት የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ አንዳንዱ ባትሪ ለመሙላትና ፋይል ለማስተላለፍ ብቻ የተሠራ ነው። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ ለስልክ ባትሪ መሙያ ብቻ የተሠራ ገመድ ቢሰካ ሞኒተሩ ይበራ ይሆናል እንጂ ምስል አይመጣለትም። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ምስሉ በእርሱ ይመጣል፤ ለኤሌክትሪኩ ግን ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። ይህም ያም ለሌለው አሮጌ ላፕቶፕ፥ ዲስፕሌይሊንክ በተባለው ዘዴ በተራው ዩኤስቢ የሚሠራ ሞኒተር አለ፤ እርሱም ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም መጫን ይጠይቃል። ላፕቶፑ አንድ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ኖሮት ባትሪውንም የሚሞላው በዚያው ከሆነ፥ ሞኒተሩ ሁለት መሰኪያ ያለውና ኤሌክትሪኩን ወደ ላፕቶፑ የሚያሳልፍ ይሁን። ያለዚያ የጥናቱ ሰዓት በባትሪው አቅም ይወሰናል፤ የራሱ ባትሪ የሌለው ሞኒተር የሚሠራው ከላፕቶፑ በሚወስደው ኃይል ነውና።

ሁለተኛው የፊደል ጥራት ነው። የላቲን ፊደል ለሚያነብ ሰው የሚበቃ ስክሪን ለእኛ ላይበቃ ይችላል። ካዕቡ ሉ ከሣልሱ ሊ የሚለየው አንዲት አጭር ጭረት በምትቀመጥበት ስፍራ ነው፤ ሊ ደግሞ ከኃምሱ ከሌ የሚለየው በእግሩ ላይ ባለችው ቀለበት ነው። የስክሪኑ ነጥብ ሻካራ ከሆነ ይህ ምልክት ይደበዝዝና አንባቢው በግምት ያነባል። 15.6 ኢንች ሞኒተር 1366 በ768 ፒክስል ቢኖረው በአንድ ኢንች 100 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል፤ 1920 በ1080 ቢኖረው ግን 141 ይሆናል። ከዚህ ከሁለተኛው የሚያንሰውን ለፊደላችን አልመክርም። 14 ኢንች ሆኖ ያንኑ 1920 በ1080 የያዘው 157 ስለሚደርሰው፥ በእኩል መጠን የተጻፈ ፊደል በእርሱ ላይ ይበልጥ ይጠራል። ስለዚህ ትልቁ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም።

ሦስተኛው አቋሙ ነው። ስክሪን ወደ ጐን ይረዝማል፤ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ከወርዱ ቁመቱ ይበልጣል። 15.6 ኢንች ሞኒተር ዞሮ በቁመቱ ቢቆም 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ፥ 19 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ይኖረዋል፤ ገጹም ሳይቈረጥ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ለዚህ ግን ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልጋል፤ የሚታጠፍ ሽፋን ብቻ መቆሚያ የሆነለት ሞኒተር በቁመቱ ሲያቆሙት ሊወድቅ ይችላል። ከጐን ሲመለከቱት ቀለሙ ብዙ እንዳይለወጥም አይፒኤስ የተባለውን ዐይነት መምረጥ ይገባል።

ከእነዚህ ከሦስቱ በኋላ ሌላው ይታሰብ። በጣት መነካቱ፥ ድምፅ ማሰማቱ፥ ለጨዋታ የሚወደሰውም የ144 ኸርዝ ፍጥነት ለማይንቀሳቀስ ገጽ የሚጨምሩት ነገር የለም። ብርሃኑ 250 ወይም 300 ኒት የሆነ ሞኒተር በክፍል ውስጥ ይበቃል፤ በግቢ ፀሐይ ግን ይፈዝዛል።

«አንዱን ስክሪን ለሁለት ከፍሎ መሥራት አይቻልምን?» የሚል ቢኖር፥ ለአጭር ጽሑፍ ይቻላል እላለሁ፤ ለረዥም ሥራ ግን ፊደሉ ያንሳል፥ ዓይንም ይደክማል። አይፓድና የማክ ኮምፒዩተር ያለውም፥ ሁለቱ የሚስማሙ እንደ ሆኑ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በወጣው ሳይድካር በሚባለው ዘዴ አይፓዱን ሁለተኛ ስክሪን ሊያደርገው ይችላልና ከመግዛቱ በፊት ይህን ይሞክር። ዘወትር በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራ ሰው ደግሞ ተንቀሳቃሹን አይግዛ። ከፍ ብሎ የሚቆም ተራ ሞኒተር አንገቱን ያሳርፍለታል፤ 24 ኢንች ከሆነ ግን 1920 በ1080 በኢንች 92 ነጥብ ብቻ ነውና 2560 በ1440 የሆነውን ይምረጥ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ገዢው አይቸኩል። ወደ ሱቅ ሲሄድ የገዛ ላፕቶፑንና ገመዱን ይያዝ፤ በሻጩ ቪዲዮ ውበትም አይማረክ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ የአማርኛ ገጽ ይክፈትና ሉን ከሊ፥ ሊን ከሌ ያለ ግምት መለየቱን ይመልከት፤ ከዚያም ሞኒተሩን በቁመቱ አቁሞ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያንብብ። ይህን ፈተና ያላለፈውን፥ ዋጋው ምንም ርካሽ ቢሆን፥ ለሻጩ ይተውለት።